የኮክ ብራና

ካርቱም፣ ጥር 14 ቀን 1962 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለወይዘሮ ሸጊቱ አዳሙ፣ ዲማ።

እታለም፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? አንቺንም መንደሩንም የዲማው ጊዮርጊስ በጥላው ይሰውራችሁ። እኔ የፈጣሪ ቸርነት አልተለየኝምና ደኅና ነኝ። የእማሆይ አመተ ሥላሴን ጉልበት ስለ እኔ ሆነሽ ሳሚልኝ። ከመነኮሱ ወዲህ አንቱ እላለሁ እንጂ በልቤ ያው እናቴ ናቸው። የአክስት ልጅ ሆነሽ ልጃቸው እኔ ላደርግላቸው የሚገባኝን አንቺ ስለምታደርጊልኝ፣ ብድርሽን እሱ ይክፈልሽ።

የቅኔ ጉባኤውን ጥዬ ከወጣሁ ሰባት ዓመቴ ነው። ጎንደር እማራለሁ ብዬ ወጥቼ ከነጋዴ ጋራ መተማ ወረድሁ፤ ከመተማም እዚህ ደረስሁ። እንደምታውቂው ሐጂ ኢድሪስ የሚባሉ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ነኝ። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ አዲስ ነገር ነው።

እዚህ አገር እስላሞቹ በጾማቸው ወር፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ጾም የሚፈቱበት ገመረዲን የሚሉት ነገር አለ። ኮክን ከመሰለ፣ ከኮክ አነስ ካለ ፍሬ ይሠራል። ፍሬውን አፍልተው፣ በወንፊት አጥልለው፣ በሳንቃ ላይ ቀብተው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። ሲደርቅ እንደ ቆዳ ይላጣል። መስታወት በመሰለ ወረቀት ጠቅልለው ሲሸጡት ዓመት ቢቀመጥ አይበላሽም። ልጆች እየቀደዱ ይበሉታል፤ አዋቂው በውሃ በጥብጦ ይጠጣዋል። ከሶርያ በመርከብ ነው የሚመጣው። ሐጂ በየዓመቱ ያስመጣሉ፣ በየዓመቱም የጾሙ ወር ሳይጋመስ ያልቅባቸዋል።

ባለፈው ሳጥኑን እየቆጠርሁ ሳለ የጓሯችን ኮክ ታወሰኝ። ከበላነው ይልቅ መሬት ወድቆ አህያ የሚበላው ይበዛ ነበር። በዚህ ደብዳቤ አምጪ እጅ አንድ ቅጠል ገመረዲን ልኬያለሁ። ቅመሱት። እንዲህ ያለ መሥራት የምትችሉ ከሆነ እኔ እዚህ አስገብቼ እሸጠዋለሁ። የእማሆይ ጓሮ ካልበቃ ከጎረቤት ይገዛል።

እማሆይ የሚሉትን በራሳቸው አነጋገር ጻፊልኝ። ድምፃቸውን የምሰማው በአንቺ እጅ ነው።

ወንድምሽ አንሙት ታረቀ


ዲማ፣ የካቲት 21 ቀን 1962 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአቶ አንሙት ታረቀ፣ ካርቱም።

የሰው አገር ፀሐይ አያጥቁርህ፣ የሰው አገር ዓይን አይይህ። እኛ ሁላችን ደኅና ነን። እማሆይም ከወገባቸው በቀር ደኅና ናቸው። ወገባቸውንም ቢሆን "ለስግደት የሰጠሁት ነው፣ አላማርርም" ይላሉ።

የላክኸው ቅጠል ደርሶናል። እማሆይ አገላብጠው አይተው፣ ወደ ፀሐይ አንሥተው፣ "ይሄማ ብራና ነው" አሉ። እውነትም የቆሎ ተማሪዎቹ ወጥረው የሚያደርቁትን ብራና ይመስላል። ጎረቤቴ ወይዘሮ አገሬ ቀምሳ ሌላውን ቁራሽ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ከዚያ ወዲህ በመንደሩ ስሙ የኮክ ብራና ሆኖ ቀርቷል።

አምስት ሴቶች ሆነን ልንሞክር ተስማምተናል። ኮኩ የሚበስለው ግንቦት ላይ ነው፤ ሰኔ ሲገባ ደግሞ ዝናብ ነው። ስለዚህ ያለን ፀሐይ የአንድ ወር ቢሆን ነው። ሳንቃ የለንም፣ ለሳንቃ የሚሆን ብትልክ ጥሩ ነው።

እማሆይ የሚሉህን በራሳቸው አነጋገር ጻፊ ስላልኸኝ ይኸው። አጠገቤ ተቀምጠው ነው የምጽፈው።

"አንሙት፣ ብራና ከሆነማ ጽሕፈት ያስፈልገዋል። በመጠቅለያው ላይ ምን ብለህ ነው የምትጽፍበት? የዲማ ሴቶች ሥራ ብለህ ጻፍበት። ጽፈህም አንዱን መጠቅለያ ላክልኝ፣ ማንበቡን ባልችል በጣቴ እዳስሰዋለሁ። ደግሞም ቅኔውን ትተህ ሄድህ ብዬ የተቀየምሁህ እንዳይመስልህ። የተቀየምሁህ ሳትሰናበተኝ በመሄድህ ነው። እሱንም ትቼልሃለሁ፤ ግን መጥተህ ስታየኝ ጨርሼ እተወዋለሁ።"

ይህንን ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

እኅትህ ሸጊቱ


ካርቱም፣ መጋቢት 26 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለእታለም ሸጊቱ፣ ሰላምሽ እንደ ዲማ ምንጭ የማይደርቅ ይሁን።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። የእማሆይን ቃል ያለበትን ገጽ ለብቻው አጥፌ በኪሴ ይዤ እዞራለሁ።

ከሐጂ ጋራ ተነጋግሬያለሁ። መጀመሪያ ሳቁብኝ። "ከሐበሻ ቡናና ማር እንጂ ይህ መቼ መጥቶ ያውቃል?" አሉ። ኋላ ግን አንድ ሺህ ቅጠል አምጣና እንየው ብለዋል። የሚመጣው ጾማቸው ጥቅምት ላይ ነው የሚገባው። ጥቅምት ሩቅ ነው እንዳትዪ። የመተማ መንገድ ክረምት ሲገባ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ይዘጋል፣ መኪናም ግመልም አያልፍበትም። ዕቃው በሰኔ መጀመሪያ መተማን ካላለፈ የዘንድሮው ቀረ ማለት ነው። ሐጂ ደግሞ ሁለተኛ ዕድል የሚሰጡ ሰው አይደሉም።

ስለዚህ እታለም፣ ቸኩሉ። ለሳንቃና ዕቃው ለሚታሸግበት የሻይ ሳጥን የሚሆን ገንዘብ በሾፌሩ በደርቤ እጅ ልኬያለሁ። ከደብረ ማርቆስ እስከ መተማ የሚጭነው እሱ ነው። አንቺ ራስሽ ደብረ ማርቆስ ወርደሽ ሳጥኑን ግዢ፣ ከደርቤም ጋራ ቀን ቁረጪ። ለሰው አትተዪው።

ስለ መጠቅለያው ጽሕፈት እማሆይ የጠየቁኝን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ማተሚያ ቤቱ ገና ነው።

አንሙት


ዲማ፣ ግንቦት 15 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአንሙት፣ ሥራህን እሱ ይባርክልህ።

እንኳን ደስ ያለህ፣ ሆኖልናል። የመጀመሪያው አሮ ነበር፤ ሁለተኛው ከሳንቃው አልላቀቅ ብሎ በቢላዋ ስንፍቀው ዋልን። በሦስተኛው እማሆይ ሳንቃውን የኑግ ዘይት አስቀቡን፣ ከዚያ ወዲህ እንደ ልብ ይላጣል። ቀለሙ የመሸ ፀሐይ ይመስላል። አርባ ሳንቃ በአንድ ጊዜ እናሰጣለን።

መድረቁን የሚያውቁት እማሆይ ብቻ ናቸው። እኛ በጣት እንነካለን፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው ጉንጫቸውን ያስጠጋሉ። የቀዘቀዘ ከሆነ "ውሃ አለበት፣ ይቆይ" ይላሉ። ተሳስተው አያውቁም። ከማለዳ ጸሎታቸው በኋላ ዱላቸውን ይዘው ሳንቃውን ይዞራሉ፤ ወፉን ያባርራሉ፣ ተማሪዎቹንም ያባርራሉ። ተማሪዎቹ ከወፉ ይብሳሉ። አንዱ ትናንት ቁራሽ ሰርቆ ሲሮጥ እማሆይ ጠርተው፣ "ና፣ የበላኸውን ቅኔ አድርገህ ክፈለኝ" አሉት። ተቀኘላቸው። ሌላ ቁራሽ ጨመሩለት። እኔ እንዲህ ደስ ብሏቸው ያየኋቸው ጋሼ ታረቀ ካረፉ ወዲህ አሁን ነው።

ሰማዩ ግን ከቀትር በኋላ መጥቆር ጀምሯል። እንዳልኸኝ የፊታችን ሳምንት ደብረ ማርቆስ እወርዳለሁ። የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ሳጥን ገዝቼ ከደርቤ ጋራ ተነጋግሬ እመለሳለሁ።

እማሆይ እንዲህ ይሉሃል። "ሥራው ደስ ብሎኛል። በሞትሁ ጊዜ ከሌላው ነገሬ ሁሉ ይልቅ የጓሮዬ ኮክ ነው የሚያሳዝንህ። መጠቅለያውን አልረሳሁም።"

ሸጊቱ


ዲማ፣ ሰኔ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለአቶ አንሙት ታረቀ።

ጤና ይስጥልኝ። እኛ ደኅና ነን። ሰባት የሻይ ሳጥን ሞልተን ሰኔ 2 ቀን በበቅሎ ወደ ደብረ ማርቆስ ልከናል፤ ደርቤም ጭኖ ሄዷል ብለው ነግረውናል። ደርሶህ ይሆናል። ሳልጽፍልህ የቆየሁት ክረምቱ ስለገባና ወደ ፖስታ ቤት የሚሄድ ሰው ስላላገኘሁ ነው።

እናትህ ደኅና ናቸው። ሰላም ይሉሃል።

ለጊዜው የሚያስፈልገን ነገር የለም። ገንዘብም አትላክ።

ሸጊቱ


ካርቱም፣ ሐምሌ 19 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለሸጊቱ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

ዕቃው ደርሶናል። ስድስቱ ሳጥን ከጠበቅሁት በላይ ነው። ሐጂ ቀድደው ቀመሱ፣ ሁለተኛ ቀደዱ። "ከሶርያው ይልቅ ማር ማር ይላል" አሉ። እኔም የልቤ ደርሶ ቆሜ ሳለ ሰባተኛው ሳጥን ተከፈተ።

እታለም፣ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ትልኪልኛለሽ? ቅጠሉ እርስ በርሱ ተጣብቋል። የዝናብ ጠብታ የመታው ቦታ ሁሉ ጎድጉዷል፤ ጢሱም ይሸታል። በእሳት ልታደርቁት እንደሞከራችሁ ያስታውቃል። ሻጋታው የሌላውን ሳጥን ሽታ ሊያበላሽ ነበር። ሐጂ በሰው ፊት፣ "አገርህ ዝናብ ሲመጣ ዕቃውን የሚያነሣ ሰው የለም?" አሉኝ። ሳጥኑን በራሴ ትከሻ ተሸክሜ አባይ ውስጥ ደፋሁት።

ዝናብ ሲመጣ ሳንቃውን የምትጠብቀው ማን ነበረች? የተኛችው ማን ናት? ማንም ትሁን በሚቀጥለው ዓመት ከሥራው ትውጣ። እማሆይ ቆጣ ብለው ይቆጣጠሩልኝ። እሳቸው እያሉ እንዲህ ያለ ጥፋት መድረሱ ይገርመኛል።

ለእማሆይ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ በፖስታ ልኬያለሁ፤ ክረምቱ እንዳይጎዳቸው። ባለፈው ደብዳቤሽ የሳቸው ቃል አልነበረበትም። ጻፊልኝ።

አንሙት


ዲማ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአንሙት፣ መጪውን ዓመት የሰላም ያድርግልህ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ስለ ሰባተኛው ሳጥን የጻፍኸው ሁሉ ልክ ነው። የተኛች ሴት ግን የለችም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አገሬንም ሌሎቹንም እንዳትወቅስ። ዝናብ መትቶት እንደነበር አውቃለሁ። በእሳት አድርቄ፣ በሌሎቹ መካከል አይታወቅም ብዬ ያሸግሁት እኔ ነኝ።

ብርድ ልብሱ ደርሷል። እናትህ አመስግነዋል። "ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ በያለህበት ይቅናህ" ብለዋል።

በሚቀጥለው ዓመት ይህንን ሥራ እሠራለሁ ብዬ ቃል አልሰጥህም።

ሸጊቱ


ካርቱም፣ መስከረም 24 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለምወድሽ እኅቴ ለሸጊቱ።

የመስቀሉ ብርሃን ከቤትሽ አይጥፋ። በቁጣ ስለጻፍሁልሽ ይቅር በዪኝ። ከደብዳቤሽ ቅዝቃዜ የተነሣ እንዳስቀየምሁሽ ገብቶኛል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። "ዕድሜና ጤና ይስጥህ" የሚለው ቃል የእናቴ አይደለም። እናቴ እንዲህ ብለው መርቀውኝ አያውቁም፤ ሲመርቁኝም ስድብ ይቀላቅሉበታል። ተቀይመውኝ ነው ወይ? ከሆነ ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ከዚህ በላይም ልደብቀው አልችልም።

ስለ መጠቅለያው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ፣ ሁለት ጊዜ አለፍሁት። እውነቱ እንዲህ ነው። የኮካችሁ መጠቅለያ የዲማን ስም አልያዘም። የሐበሻም አይልም። በዓረብኛ "የደማስቆ ጥሩ ገመረዲን" ይላል። እንዲህ ካላልን ማንም አይገዛም ያሉት ሐጂ ናቸው፤ ጽሑፉን ወረቀት ላይ ጽፌ ለማተሚያ ቤት የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ። ያስገደደኝ የለም። አሁን ጾማቸው ሊገባ አንድ ወር ሲቀረው ዕቃችሁ በየሱቁ ተደርድሯል። ሰዉ ይወደዋል። ትናንት አንዲት ሴት ለልጇ ስትገዛ፣ "የደማስቆ ሰዎች እጃቸው ይባረክ" ስትል ሰማሁ። የእናቴን ምርቃት ለማላውቀው ሰው የሰጠሁ መሰለኝ፤ ምሳዬንም ሳልበላ ዋልሁ።

ይህንን ደብዳቤ ለእማሆይ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ምንም አትዝለዪ። የሚመልሱልኝን፣ ስድብም ቢሆን፣ እንደ ወረደ ጻፊልኝ። ሌላ የምለምንሽ ነገር የለኝም።

አንሙት


ዲማ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1963 ዓ.ም.

አንሙት ወንድሜ፣

ይህ ደብዳቤ እጅህ የሚገባው እዚያ ካርቱም ባሉት ያገራችን ካህን በአባ ወልደ ሩፋኤል በኩል ነው። ለሳቸው ለብቻ ጽፌላቸዋለሁ። የአገር ሰው ሰብስበው፣ በማለዳ ቤትህ መጥተው፣ ከነገሩህና አልቅሰህ ከወጣልህ በኋላ እንዲሰጡህ ለምኛቸዋለሁ። ስለዚህ ይህንን ስታነብ እናትህ እንዳረፉ አውቀሃል። ያረፉትም ሰኔ 10 ቀን ነው። የተቀበሩት ጊዮርጊስ፣ ከጋሼ ታረቀ አጠገብ ነው።

አሁን እንዴት እንደሆነ ልንገርህ።

ግንቦት 22 ቀን ደብረ ማርቆስ ለመውረድ ተነሣሁ። ሳጥኑን ገዛሁ፣ ደርቤን አገኘሁት። በ25 ሥራዬ ሁሉ አልቆ ነበር። በማግስቱ ማለዳ ብነሣ በ27 ማታ ቤቴ ነበርሁ። ነገር ግን ከገበያው አጠገብ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው አየሁ። በዕድሜዬ ፎቶ ተነሥቼ አላውቅም። አንተ በላክኸው ገንዘብ ተነሣሁ። ነገ ይደርሳል አለኝ። ለዚያ ብዬ 26ን እዚያው ዋልሁ። የዘገየሁት ለሌላ ነገር አይደለም።

በ28 ቀን አገሬና ሌሎቹ ሴቶች ማዶ መንደር ለቅሶ ሄደው ነበር። እማሆይ ከአርባ ሳንቃ ጋራ ብቻቸውን ናቸው። ከቀትር በኋላ ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። በዚያ ወገባቸው ሠላሳ አንዱን ሳንቃ አንድ በአንድ እየተሸከሙ ቤት አስገብተዋል። ዘጠኙን ግን አልቻሉም። እኔ ወደ ማታ ስደርስ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቆባቸው ከራሳቸው ላይ ተጣብቆ፣ ውሃው እየወረደ፣ ከዘጠኙ አንዱን ሳንቃ ጭናቸው ላይ ይዘውታል። ልብስ ስለውጥላቸው፣ "ዘጠኝ አመለጠኝ፣ አንሙት እንዳይሰማ" አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛቸው። ውጋት ነው አሉ። ጠበል አመጣን፣ ከደብረ ወርቅ ድሬሰር አስመጥተን መርፌ አስወጋን። አልሆነም።

ዘጠኙን ሳንቃ በእሳት ያደረቅሁት እሳቸው ተኝተው ሳለ ነው። ሁሉም ደኅና ሆኖ ታሸገ ስላቸው ደስ አላቸው። ለሳቸው ያልሁትን እውነት ለማድረግ ብዬ ከሌላው ጋራ ላክሁት።

መርዶ በወረቀት አይነገርም ብለው ክረምቱ እስኪወጣ እንድንቆይ የመከሩት የጊዮርጊሱ ቄስ መምሬ አካለ ወልድ ናቸው። እሱ ወግ ነው። ነገር ግን "ሰላም ይሉሃል" ብለሽ ጻፊ ያለኝ ሰው የለም። እሱን ከራሴ አወጣሁት። ሞታቸውን ከነገርሁህ እንዴት እንደሞቱ ትጠይቀኛለህ፤ ከጠየቅኸኝም ስለ ፎቶው ልነግርህ ነው ብዬ ፈራሁ። ሐምሌ 19 የጻፍኸው ደብዳቤ ሲደርሰኝ ቀኑን አየሁት። አርባቸውን ያወጣንበት ቀን ነበር። ሴቶቹ ድስት ሲያወጡ ሲያወርዱ፣ ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱ፣ አንተ እዚያ "የተኛችው ማን ናት" ብለህ ትጽፍ ኖሯል። ይህንን የምልህ ልወቅስህ አይደለም፤ አታውቅም ነበር። አንተን ሳታውቅ ያስቀረሁህ እኔ ነኝ።

ብርድ ልብሱን በስማቸው ለአንዲት ደሃ መነኩሲት ሰጥቻለሁ። ፎቶውን እሳት ውስጥ ጨመርሁት።

የመስከረሙን ደብዳቤህን መቃብራቸው ላይ ቆሜ አነበብሁላቸው። ጮክ ብዬ፣ ምንም ሳልዘል። የሚያልፉ ተማሪዎች ቆመው አዩኝ። የሚመልስልህ ሰው ስለሌለ መልስ አልጻፍሁልህም።

ሸጊቱ


ካርቱም፣ ኅዳር 29 ቀን 1963 ዓ.ም.

እታለም ሸጊቱ፣

እግዚአብሔር ያጥናሽ። አንቺም ሐዘንተኛ ነሽና አንቺንም ማጽናናት ይገባኛል።

አባ ወልደ ሩፋኤል የመጡት ቅዳሜ ማለዳ ነው። ስምንት ነበሩ። በሩን ስከፍት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። አንድም ሰው ሳይናገር ማን እንደሞተ አወቅሁ። የዚህ አገር ጎረቤቶቼም ጩኸት ሰምተው መጡ፤ ቋንቋችንን ሳያውቁ አብረውን አለቀሱ። ሐጂ ኢድሪስም መጥተው ሦስት ቀን ሙሉ ምንጣፍ ላይ ከኛ ጋራ ተቀመጡ። ከመነኮሱ ጀምሮ አንቱ ስላቸው ኖሬ፣ በለቅሶው ላይ አንቺ አልኋት። ማንም አልከለከለኝም።

በአንቺ ልቆጣ ብዙ ቀን ሞክሬያለሁ። አልቻልሁም። አንቺ አንድ ቀን ዘግይተሻል፣ እኔ ሰባት ዓመት። ቸኩሉ ብዬ የጻፍሁ እኔ ነኝ። ለሰው አትተዪው ብዬ ከቤት ያስወጣሁሽም እኔ ነኝ። በሰባ ዓመቷ ሠላሳ አንድ ሳንቃ ያሸከማት የኔ ደብዳቤ ነው። እሷ ዘጠኙ ሳንቃ አመለጠኝ ብላ አዝና ሞተች፤ እኔ ደግሞ እሱኑ ተሸክሜ አባይ ውስጥ ደፋሁት። መርዶዋን ከሰማሁ ወዲህ የአባይን ድልድይ መንገድ ትቼ በሌላ እዞራለሁ።

ከሰልስቱ በኋላ ለሐጂ እውነቱን ነገርኋቸው። መጠቅለያው ይቀየር፣ የዲማ ስም ይጻፍበት አልሁ። አዘኑልኝ። ከዚያ "ልጄ፣ የታተመው አሥር ሺህ ነው፣ ገዢውም የለመደው ያንን ስም ነው" አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። እኔ ከእንግዲህ በዚያ መጠቅለያ ምንም እንደማልጠቀልል ነገርኋቸው። ከመጋዘኑ ወጥቻለሁ። ለጊዜው በአባ ወልደ ሩፋኤል ቤት ነኝ። መንገዱ ስለደረቀ ከጥምቀት በኋላ ወደ አገር ለመነሣት አስቤያለሁ፤ ነገር ግን መቃብር ለማየት መምጣት ያሳፍረኛል።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። በደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግሜ ፈለግሁት፣ አላገኘሁትም። በመጨረሻዋ ሰዓት ምን አለች? ስሜን ጠርታ ነበር? ሳልሰናበታት በመሄዴ የቀረውን ቅያሜ ተወችልኝ ወይ? መጥተህ ስታየኝ ጨርሼ እተወዋለሁ ብላኝ ነበር። አንዲት ቃል ብትሆን ትበቃኛለች። ያችን ቃል ይዤ እመጣለሁ።

አንሙት


ዲማ፣ ጥር 2 ቀን 1963 ዓ.ም.

አንሙት ወንድሜ፣

እንኳን ለልደቱ አደረሰህ። የሐዘን ቤት ቢሆንም በዓሉ በዓል ነው።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። በየቀኑ ወረቀት አወጣለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። መምሬ አካለ ወልድን ጠየቅኋቸው። "ለሐዘንተኛ መልካም ቃል ብትጽፊለት ኃጢአት አይሆንብሽም" አሉኝ። አገሬም እንዲሁ አለችኝ። እኔም የሳቸውን አነጋገር አውቀዋለሁ፤ ስድብ የተቀላቀለበት ምርቃት አሳምሬ ልጽፍልህ እችል ነበር፣ አንተም ታምነኝ ነበር። ትናንት ጽፌውም ነበር። አንብቤው ከሳቸው አፍ የወጣ መሰለኝ፤ ቀደድሁት። በክረምቱ በሳቸው አፍ ሁለት ጊዜ ተናግሬያለሁ፤ ሦስተኛ አልናገርም።

የሆነው ይኼ ነው። ከሞታቸው በፊት ሁለት ቀን ንግግር አልነበራቸውም። ከዚያ በፊት ባሉት ቀኖች በትኩሳቱ ውስጥ ብዙ ተናግረዋል፤ የልጅነታቸውን ነገር፣ የእናታቸውን ስም፣ የዳዊት ቁራጭ። የአንተን ስም ግን አልሰማሁም። እኔ ውሃ ልቀዳ በወጣሁበት ጊዜ ጠርተው ይሆናል፤ አላውቅም። ስለ ቅያሜውም ያሉት ነገር የለም። ትተውት ይሁን ይዘውት ይሂዱ አልነገሩኝም።

በመጨረሻው ቀን ማለዳ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝና "ውሃ" አሉኝ። በዋንጫ አድርጌ፣ ራሳቸውን በክንዴ ደግፌ ሰጠኋቸው። ጠጡ። ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ያለኝ ይኼ ነው። ይበቃኛል ያልኸውን ቃል ይዘህ ልትመጣ ነበር። ሳትይዝም ቢሆን ና። ቤቱ አልተዘጋም፣ እኔም አለሁ።

ሸጊቱ